እንግዳው ከያኒ በመሐንዲሱ ቤት

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1960 ማታ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ግቢ ውስጥ ለተሰበሰቡት ተመልካቾች ከዚያ በፊት ያልታየ ትርኢት ቀረበላቸው። ከብስክሌት ጎማ፣ ከአሮጌ ፒያኖ፣ ከመታጠቢያ ገንዳና ከልዩ ልዩ ውዳቂ ዕቃ የተገጣጠመ አንድ ግዙፍ መኪና በኤሌክትሪክ ሞተር እየተንቀሳቀሰ፣ እየጮኸና እየጨሰ ራሱን በራሱ ማፍረስ ጀመረ። የሥራው ባለቤት ዣን ቲንግሊ የተባሉት የስዊስ ቀራፂ ሲሆኑ፣ ትርኢቱ ሃያ ሰባት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገብተው ፍጻሜውን አፋጠኑት። ስለዚያች ማታ ሲወሳ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የቀራፂው ስም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው ክፍል መቼ እንዲነሣ፣ የትኛውስ ቀድሞ እንዲወድቅ በየተራ የሚወስኑትን የኤሌክትሪክ መስመሮች ያሰናዱት በኒው ጀርዚ የቤል የስልክ ላቦራቶሪ ባልደረቦች የነበሩት ቢሊ ክሉቨርና ሃሮልድ ሆጅስ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ክሉቨር በ1927 በሞናኮ ተወልደው በስዊድን ያደጉ፣ በስቶክሆልም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጥንተው በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕረግ ያገኙ ሰው ናቸው። ቀን ቀን በላቦራቶሪው ሲመራመሩ ይውሉና ማታ ማታ የከያንያኑን ጥያቄ ለመፍታት ይደክሙ ነበር። ሠዓሊው ጃስፐር ጆንስ በሥዕላቸው ላይ የኒዮን ፊደል እንዲበራ ሲሹ፣ ከግድግዳ ገመድ ሳይጎተት በባትሪ እንዲበራ አደረጉላቸው። አንዲ ዋርሆል ደግሞ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ አምፑል ጠየቁ። ስሌቱ ሲሠራ በዚያን ጊዜ የነበረው ባትሪ ክብደቱ ከሚፈቀደው በላይ ሆነ። መሐንዲሱ «አይቻልም» ብለው አልተመለሱም፤ ቀላልና ጋዝ የማያሳልፍ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ አንድ የፕላስቲክ ዓይነት ፈልገው አመጡላቸው። ዋርሆልም አምፑሉን ትተው በሂልየም የተሞሉ ትራስ መሰል ደመናዎች ሠርተው በ1966 አሳዩ። ምናልባት የመሐንዲሱ ድርሻ ከየትም ይልቅ በግልጽ የሚታየው በዚህች ትንሽ ታሪክ ነው፤ የተጠየቀውን መፈጸም ሲያቅት ጥያቄውን ራሱን እስከ መለወጥ ድረስ ሄዷልና።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ በትውውቅ የሚሠራ ነበር። ጆንስም ሆኑ ዋርሆል በዘመኑ ስማቸው የገነነ ሰዎች ናቸው፤ መሐንዲስ ወዳጅም አላቸው። ስም ያልነበረው፣ ነገር ግን የትራንዚስተሩና የካሜራው ነገር ሌት ተቀን ያስጨነቀው ጀማሪ ከያኒ በየትኛው በር ይግባ? ሸራና ቀለም የሚፈልግ ሰው ገንዘብ ቢያጥረው ከወዳጁ ይበደራል። የቪዲዮ መሣሪያ፣ ኮምፒዩተር ወይም የሌዘር ብርሃን የሚፈልግ ግን መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚያውቀውን ሰውም ማግኘት አለበት። ከ1960ዎቹ ወዲህ በአሜሪካና በኤውሮፓ የተቋቋሙት የእንግዳ ከያኒ መርሐ ግብሮች፣ ማለትም ከያኒው ለጥቂት ቀናት ወይም ወራት በአንድ ላቦራቶሪ፣ ፋብሪካ ወይም የሕዝብ ማዕከል ተቀምጦ እንዲሠራ የሚያደርጉት ዝግጅቶች፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ ልዩ ልዩ መልሶች ነበሩ። መልሶቹ እኩል አልነበሩም። አንዳንዶቹ በታላቅ ድምፅ ተጀምረው በሦስትና በአራት ዓመት ጠፉ፤ ጋዜጣ ብዙም ያላወራለት አንዱ ደግሞ አርባ ዓመት ቆየ።

ቤል ላቦራቶሪ ራሱ፣ መርሐ ግብር የሚል ስም ሳይሰጠው፣ እንግዳ መቀበል የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1957 ማክስ ማቲውስ ኮምፒዩተር ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፉ፤ በ1961 የሙዚቃ ደራሲው ጄምስ ቴኒ ገብተው እስከ 1964 በዚያ ሠሩ። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ሊሊያን ሽዋርትዝ እየተመላለሱ ከኬን ኖልተን ጋር የኮምፒዩተር ፊልም ይሠሩ ጀመር። የስልክ ኩባንያ ገንዘቡን በኪነ ጥበብ ላይ ያጠፋል እንዳይባል ግን ነገሩ በይፋ አይነገርም ነበር። በሩ ክፍት ቢሆንም ቁልፉ በጥቂት ተመራማሪዎች ኪስ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩን ከጓዳ ወደ አደባባይ ያወጣው በኦክቶበር 1966 በኒው ዮርክ የ69ኛው ክፍለ ጦር አዳራሽ የተደረገው «ዘጠኝ ምሽቶች» የተባለው ትርኢት ነው። አሥር ከያንያንና ሠላሳ ያህል መሐንዲሶች ለወራት አብረው ደከሙ። ከከያንያኑ መካከል ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ፣ የሙዚቃ ደራሲዎቹ ጆን ኬጅና ዴቪድ ቱደር፣ የዳንስ ደራሲዎቹ ኢቮን ሬይነርና ሉሲንዳ ቻይልድስ ይገኙባቸዋል። መሐንዲሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከቤል ላቦራቶሪ የመጡ ሲሆኑ፣ የሚሠሩት በአብዛኛው ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ ባለው ሰዓት ነበር።

ለማኅበሩ አባላት የሚስበው የቴክኒኩ ነገር ነውና በአንዱ ሥራ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በራውሸንበርግ ሥራ ሁለት ሰዎች ቴኒስ ይጫወታሉ። በራኬቶቹ እጀታ ውስጥ የንዝረት ማይክሮፎንና አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ተቀብሮ ስለነበር፣ ኳሷ በተመታች ቁጥር ድምፁ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያዎች እንደ ደወል ያስተጋባል፤ በእያንዳንዱ ምትም አንድ መብራት ይጠፋል። አዳራሹ ፈጽሞ ሲጨልም ጨዋታው ያበቃል። ከዚያም በጨለማው ውስጥ ብዙ መቶ ሰዎች ይገባሉ። ተመልካቹ በዓይኑ አያያቸውም፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያይ የቴሌቪዥን ካሜራ ግን ምስላቸውን በትልልቅ መጋረጃዎች ላይ ያሳያል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ካሜራ በይበልጥ የጦር ሠራዊት ዕቃ ነበር። ጆን ኬጅ በበኩላቸው የስልክ መስመሮችን በከተማይቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች አስከፍተው የምግብ ቤቱን፣ የወፎቹን ማቆያና የጋዜጣ ማተሚያውን ድምፅ በቀጥታ ወደ አዳራሹ አስገቡ።

ከ10 ሺ በላይ ሰው አየው ይባላል። ሐያስያኑ ግን አልወደዱትም። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ብዙ ነገር ተበላሸ፤ ተመልካቹ በረጅም ጥበቃ ተሰላቸ፤ ጋዜጦቹም ጥፋቱን በመሐንዲሶቹ ራስ ላይ ጣሉት። ፍርዱ ከባድ ነበር። ለአንድ ቤተ ሙከራ የተሠራ የገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ግዙፍ የብረት ጣራ ባለበት አዳራሽ ውስጥ፣ በቂ የመለማመጃ ጊዜ ሳይሰጥ፣ በመጀመሪያው ቀን እንከን የለሽ ሆኖ እንዲሠራ መጠበቅ ሙያውን አለማወቅ ነው። መሐንዲሱ ሲሳካለት ስሙ የማይነሣ፣ ሲበላሽበት ግን የሚወቀስ መሆኑ በዚያ አዳራሽ አልተጀመረም፤ በዚያ ግን በአደባባይ ታየ።

ክሉቨር፣ ራውሸንበርግ፣ መሐንዲሱ ፍሬድ ዋልድሃወርና ከያኒው ሮበርት ዊትማን ከዚህ በኋላ «የኪነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ሙከራዎች» የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ማንኛውም ከያኒ፣ የታወቀም ይሁን ያልታወቀ፣ ጥያቄውን ጽፎ ሲልክ ለጥያቄው የሚስማማ መሐንዲስ ይፈለግለታል። በ1969 ድርጅቱ ከ2 ሺ በላይ ከያንያንና የዚያኑ ያህል መሐንዲሶች በአባልነት ይዞ ነበር። የጀማሪው ከያኒ በር በመጀመሪያ ጊዜ በመጠኑ ገርበብ ያለው በዚህ አሠራር ነው።

የድርጅቱ መሥራቾች የመሐንዲሱን ስም ጉዳይም አልዘነጉትም። በ1968 በብሩክሊን ቤተ መዘክር ባዘጋጁት ትልቅ ዐውደ ርእይ ሽልማቱ የተመደበው ለከያኒው አልነበረም፤ ከከያኒ ጋር በተሠራ ሥራ ውስጥ ከፍተኛውን ቴክኒካዊ አስተዋጽኦ ላደረገው መሐንዲስ ነበር። አንደኛ የወጣው የፈረንሳዊው ከያኒ የዣን ዱፒዊና የመሐንዲሶቹ የራልፍ ማርቴልና የሃይማን ሃሪስ ሥራ ሲሆን ስሙ «የልብ ምት አቧራ» ነው። በአንድ የመስተዋት ሣጥን ታችኛው ክፍል የጎማ ስስ ቆዳ ተወጥሯል፤ በላዩ በጣም የደቀቀ ቀይ ዱቄት ተነስንሷል። የሰው ልብ ምት በማይክሮፎን ተይዞ ሲጎላ ቆዳውን ያርገበግበዋል፤ ዱቄቱም ቡን ብሎ በቀጭን የብርሃን ጨረር ውስጥ ሲያልፍ ቀይ ቅርጽ ይሠራል። ዱቄቱ በአየር ላይ ረጅም ጊዜ የመቆየት ጠባይ ያለው ሆኖ የተመረጠ ነው። የአንድ ሰው ልብ በዓይን ሲታይ ማለት ነው። ያለ መሐንዲሶቹ ይህ ሐሳብ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር፤ ያለ ከያኒው ግን ማንም መሐንዲስ እንዲህ ያለ ነገር እንዲሠራ የሚያዘው አያገኝም።

ድርጅቱ ከኪነ ጥበብ ውጭም ሞክሯል። በ1969 በሕንድ አገር፣ በጉጅራት ክፍለ ሀገር በሚገኘው የአናንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አካባቢ፣ ለገበሬዎች የሚሆን የትምህርት ቴሌቪዥን እንዴት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተባብሮ ሊዘጋጅ እንደሚችል የሚያጠና ቡድን ልኮ ነበር። ቡድኑ ፕሮግራሙ ከዋና ከተማ ተዘጋጅቶ ከሚወርድ ይልቅ በዚያው በመንደሩ በቀላል የቪዲዮ መሣሪያ ቢቀረጽ ይሻላል የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። ይህ ሐሳብ በኋላ እንደሚታየው በሌላም ቦታ ብቅ ብሏል።

የድርጅቱ ትልቁ ሥራ፣ ትልቁም ኀዘኑ፣ በ1970 በጃፓን በኦሳካ የዓለም ዐውደ ርእይ ላይ ለፔፕሲ ኮላ ኩባንያ የሠራው ድንኳን ነው። በውስጡ 90 ጫማ የሚሰፋ ክብ መስተዋት ነበር። መስተዋቱ ከብርጭቆ የተሠራ ሳይሆን አሉሚኒየም ከተቀባ ስስ ማይላር ነው፤ ከኋላው ያለው አየር በመሳቡ ብቻ ተወጥሮ ይቆማል። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የራሱን መልክ ተዘቅዝቆ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ከውጭ ደግሞ ጃፓናዊቷ ከያኒ ፉጂኮ ናካያ ድንኳኑን በእውነተኛ ጉም ሸፈኑት። ናካያ በ1936 ሰው ሠራሽ የበረዶ ቅንጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኙት የኡኪቺሮ ናካያ ልጅ ናቸው። ጉሙን ለማምረት የካሊፎርኒያው የፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ሚ ንጹሕ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ከ2 ሺ በላይ በሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚነፋ ሥርዓት አበጁ። የኬሚካል ጭስ አልነበረም፤ ሰው ሊተነፍሰው የሚችል ውሃ ነበር። ይኸው ዘዴ በኋላ ለአትክልት ማብቀያ ቤቶችና ለማቀዝቀዣ አገልግሎት ውሏል፤ ለከያኒ ጥያቄ የተፈለገ መልስ ወደ ግብርና የተሻገረበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው።

በድርጅቱ ሐሳብ ድንኳኑ የተሠራው ተጠናቅቆ እንዲታይ አልነበረም። ከያንያን በየተራ እየመጡ፣ በዚያው እየኖሩ፣ ብርሃኑንና ድምፁን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ እየተጫወቱበት ለስድስቱ ወር ሙሉ ፕሮግራም እንዲያዘጋጁበት ነበር። በሌላ አነጋገር ድንኳኑ ራሱ የእንግዳ ከያንያን ቤት ነበር። ኩባንያው ግን ወጪው በየጊዜው መጨመሩን አልወደደም፤ ሙከራውም ለሕዝብ መዝናኛ የሚስማማ አልመሰለውም። ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አስተዳደሩን ወሰደና የተቀረጸ የራሱን ፕሮግራም አስገባ። ተራቸውን ሲጠብቁ ከነበሩት ከያንያን የብዙዎቹ ሐሳብ በወረቀት ላይ ቀረ። ጉዳዩን አጥብቆ ለሚያይ ሰው በዚህ ክፉ ሰው ተብሎ የሚወቀስ የለም። ኩባንያው የገዛው ማስታወቂያ ነው፤ ከያንያኑ የፈለጉት ጊዜ ነው፤ በውሉ ላይ የሁለቱ ልዩነት በግልጽ አልተጻፈም ነበር።

በዚያው ዘመን የሎስ አንጀለስ ቤተ መዘክር ሹም የነበሩት ሞሪስ ታክማን ከ1967 እስከ 1971 በካሊፎርኒያ ኩባንያዎች ውስጥ ከያንያንን የሚያስቀምጥ መርሐ ግብር መሩ። የአውሮፕላን፣ የብረት፣ የኮምፒዩተርና የወታደራዊ ምርምር ድርጅቶች ተካፈሉ። ስለዚህ መርሐ ግብር ብዙ ተጽፏል፤ ሁለት ነገር ማንሳት ይበቃል። አንደኛው፣ ቀራፂው ጆን ቻምበርሌይን በራንድ የምርምር ድርጅት ሲቀመጡ ለባልደረቦቹ ሁሉ ጥያቄ ሳይሆን መልስ እንዲልኩላቸው የሚጠይቅ ማስታወሻ በተኑ፤ የመጣላቸውም መልስ አብዛኛው ስድብና ግራ መጋባት ሆነ። ሁለተኛው፣ ሮበርት አርዊንና ወጣቱ ጄምስ ተረል ለጠፈር በረራ የሰውን ስሜትና አካል ከሚያጠኑት ከዶክተር ኤድ ዎርትስ ጋር ድምፅ በማያስተጋባ ክፍል ውስጥ ሲመራመሩ ከርመው፣ በመጨረሻ ለእይታ የሚቀርብ አንድም ዕቃ አላወጡም። ቤተ መዘክሩ የሚሰቅለው ነገር አላገኘም። ይሁንና ብርሃንና የሰው ዓይን እንዴት እንደሚገናኙ በዚያ የቀሰሙት ዕውቀት የሁለቱንም የኋላ ሥራ ቀርጾታል። ዐውደ ርእዩ በ1971 ሲከፈት ከተመረጡት ከያንያን መካከል አንዲት ሴት አለመኖሯ ታየና የከተማይቱ ሴት ከያንያን ማኅበር አቋቁመው በይፋ ተቃወሙ። ጥሪው በግብዣ፣ ግብዣውም በስም ነበርና፣ ስም የሌለው አልተጠራም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። ባርባራ ስቴቬኒና ባለቤታቸው ጆን ሌተም ከጥቂት ወጣት ከያንያን ጋር ሆነው በ1960ዎቹ አጋማሽ ለንደን ላይ ያቋቋሙት ቡድን ከኩባንያ ማሽን ወይም ቁሳቁስ አልለመነም። የጠየቀው ቦታ ነው። ከያኒው ወደ ድርጅቱ ሲገባ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ደመወዝ ይከፈለው፤ ነገር ግን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ አይታዘዝ፤ በመጀመሪያው ወር ገደማ ያለውን ሁኔታ አይቶ ራሱ ሐሳብ ያቅርብ የሚል ነበር ውሉ። ስቴቬኒ ከኩባንያ ሹማምንት ጋር ለመነጋገር ሲሉ በየቢሮው የተንከራተቱት ድካም የታሪኩ ግማሽ ነው፤ ሆኖም ስማቸው ከባለቤታቸው ስም ጀርባ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል።

ከምደባዎቹ አንዱ በ1970 በሂል የቤት ዕቃ ፋብሪካ የተደረገው የስቱዋርት ብሪዝሊ ምደባ ነው። ብሪዝሊ ከፋብሪካው ወንበሮች ክብ ሐውልት ሠርተዋል፤ ነገር ግን የቆዩበት ዋናው ጉዳይ ከብረት መወልወያው ክፍል ሠራተኞች ጋር ነበር። ሥራው አቧራማና አሰልቺ ነው። ሠራተኞቹ መኪኖቻቸውን በሚደግፉት የእግር ኳስ ቡድን ቀለም እንዲቀቧቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ ሠራተኛው ከሠራተኛ የሚነጋገርበት ተንቀሳቃሽ የማስታወቂያ ሰሌዳም እንዲኖር አደረጉ። ይህ ኪነ ጥበብ ነው ወይ ተብሎ ተጠይቋል። የአገሪቱ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በ1972 ለቡድኑ የሚሰጠውን ድጎማ ሲያቋርጥ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ቡድኑ ከኪነ ጥበብ ይልቅ በማኅበራዊ ምሕንድስና ላይ ያተኩራል የሚል ነበር። ለአንድ መሐንዲስ ይህ ወቀሳ ሆኖ መቅረቡ ያስገርማል።

ብሪዝሊ የተሟላውን መልስ የሰጡት ግን በ1976 በሰሜን እንግሊዝ በፒተርሊ ከተማ ነው ማለት ይቻላል። ፒተርሊ በድንጋይ ከሰል አካባቢ በ1948 በፕላን የተመሠረተች አዲስ ከተማ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ ከዙሪያው የማዕድን መንደሮች የመጡ ናቸው። የከተማይቱ ልማት ኮርፖሬሽን እንግዳ ከያኒ ሲጋብዝ ምናልባት የጠበቀው በአደባባይ የሚቆም ሐውልት ይሆናል። ብሪዝሊ ግን የአካባቢውን ሰዎች ቀጥረው በቴፕ መቅረጫና በፎቶግራፍ መሣሪያ የአዛውንቱን ትዝታና በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠውን ሥዕል ያሰባስቡ ጀመር። ቴክኖሎጂው ያኔም ቢሆን ተራ ነው፤ መቅረጫው ግን በነዋሪው እጅ ገባ። ከያኒው ሄዶም ሥራው ለተወሰነ ጊዜ ቀጠለ። ጆን ሌተምም በ1975 እና 76 በስኮትላንድ መሥሪያ ቤት ሲመደቡ፣ ከዘይት ድንጋይ ማዕድን የተረፉትን የቀይ አፈር ተራሮች መንግሥት ሊያስነሣቸው ሲያስብ እንደ ሐውልት ይጠበቁ ብለው ጻፉ፤ ከነዚህ «አምስቱ እኅትማማቾች» የሚባሉት በኋላ በቅርስነት ተመዝግበዋል።

አሁን ከከተማ ከራቀው ቤት እንግባ። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ቢንግሃምተን በተባለች የኢንዱስትሪ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ራልፍ ሆኪንግ በ1969 ተንቀሳቃሽ የቪዲዮ መሣሪያ ለተማሪዎች የሚያውሱበት አነስተኛ ፕሮግራም ጀመሩ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው የቪዲዮ መቅረጫ ገና ገበያ የገባበት ወቅት ነው። ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የከተማው ሰዎች፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ልዩ ልዩ ማኅበራት ይዋሱ ጀመር። በ1971 ሥራው ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ «የሙከራ ቴሌቪዥን ማዕከል» በሚል ስም ራሱን ቻለ። ይህ ሊሆን የቻለበት አንድ ምክንያት ነበር፤ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በጀት በ1970 ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ ሃያ ሚሊዮን አድጎ ስለነበር፣ ከትልቁ ከተማ ውጭ ያሉ ትንንሽ ማዕከላትም ድርሻ አገኙ። ኩባንያ አልነበረበትም፤ ስለዚህ ማስታወቂያ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1972 ኮሪያዊው ከያኒ ናም ጁን ፓይክ ወደ ማዕከሉ መጡ። ፓይክ ከጃፓናዊው መሐንዲስ ከሹያ አቤ ጋር የፈጠሩት የቪዲዮ ማቀናበሪያ መሣሪያ ለኒው ዮርክ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተሠራው በዚሁ ማዕከል ነው፤ ማዕከሉም የራሱን አስቀረ። የመሣሪያው አሠራር በሁለት ይከፈላል። በአንዱ ክፍል ከበርካታ ጥቁርና ነጭ ካሜራዎች የሚመጡ ምስሎች ልዩ ልዩ ቀለም ተሰጥቷቸው ይደባለቃሉ። ሁለተኛው ደግሞ ተራ የቴሌቪዥን ሣጥን ነው፤ በስዕል ቱቦው አንገት ላይ ተጨማሪ የሽቦ ጥቅል ይጠመጠምበትና የድምፅ ሞገድ ሲላክበት የኤሌክትሮኑ ጨረር መንገዱን ይስታል፤ የሰውየው ፊት እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ለባለሙያ ነገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ማንኛውም የቴሌቪዥን ጣቢያ መሐንዲስ ዕድሜውን ሙሉ ያ ጨረር መንገዱን እንዳይስት ሲጠብቅ የኖረ መሆኑ መታወስ አለበት። አቤና ፓይክ ብልሽቱን ቁልፍ ሰጡት።

የማዕከሉ ልዩ ጠባይ ከዚህ በኋላ የተገለጠ ነው። መሣሪያ አልተገዛም፤ ተሠራ። ዴቪድ ጆንስ የተባሉት ባለሙያ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቀለም ሰጪ፣ ምስል መራጭና ቅደም ተከተል አስያዥ መሣሪያዎችን እየነደፉ ሠሩ። የፊዚክስ ሊቁ ዶን ማክአርተር ምስልን ወደ ዲጂታል የሚለውጥ መሣሪያ አበጁ። ሁሉም ክፍሎች እንደ ድሮ የስልክ መቀያየሪያ በአጫጭር ገመዶች ይገናኛሉ፤ የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም መሣሪያው አንድ ትክክለኛ አጠቃቀም አልነበረውም። በቀጣዮቹ ዓመታት ኮምፒዩተር ሲመጣ በዚያው ገመድ ውስጥ ተጨመረ እንጂ አሮጌው አልተጣለም። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ፈልሳፊው የሐራልድ ቦደ ልጅ ፒር ቦደም በከያኒነትና በአስተባባሪነት በማዕከሉ ሠርተዋል።

በ1979 ማዕከሉ ወደ ኦዌጎ ተዛወረ። ኦዌጎ በሳስኳሃና ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ማዕከሉ የተከራየው ከዋናው መንገድ ላይ ከሱቆች በላይ ያለ ፎቅ ነበር። እንግዳው ከያኒ ለጥቂት ቀናት ይመጣል፤ በመጀመሪያው ቀን አስተባባሪው መሣሪያውን ያሳየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይቆጣጠረውም። መኝታውም በዚያው በመሣሪያው አጠገብ ነው፤ በሌሊት ስምንት ሰዓት ሐሳብ ከመጣለት ተነሥቶ ይሠራል። ለኪራዩ የሚከፍለው ከትርፍ የማይቆጠር ገንዘብ ነው። የተሠራ ነገር አስረክብ የሚለው የለም። ባዶ እጁን ቢሄድም ሄደ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ቀላል ይምሰል እንጂ በሎስ አንጀለስና በኦሳካ የጠፋውን ሁሉ የያዘ ነበር። ጥሪው በስም አልነበረም፤ ያልታወቁ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጡ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ሴቶችም በብዛት ገብተውበታል። መሣሪያውን የነደፈው ሰው በቅርብ ስለሚገኝ የከያኒው ቅሬታ የሚቀጥለው መሣሪያ ንድፍ ይሆናል። ሼሪ ሚለር ሆኪንግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አስተዳደሩን፣ የገንዘብ ጥያቄውንና የመዝገቡን ሥራ ተሸክመው ኖረዋል፤ ማዕከሉ የየመሣሪያውን መመሪያና ታሪክ ጠብቆ ያቆየው በእርሳቸው ትጋት ነው። እንዲህ ያለ የጽሕፈት ቤት ሥራ በኪነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ምዕራፍ አይሰጠውም።

ጉድለትም አልጠፋበትም። ከፎቁ በታች ሱቅ ገበያ የሚወጡት የኦዌጎ ነዋሪዎች ከላይ ምን እንደሚሠራ ስንቶቹ እንዳወቁ ያጠራጥራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሜራ ተውሶ ይሄድ የነበረው የቢንግሃምተን የማኅበር አባልና በኋላ ከሩቅ የመጣው እንግዳ ከያኒ አንድ ሰው አይደሉም፤ የመጀመሪያው ቀስ በቀስ ከታሪኩ ወጥቷል። ርካሽ ካሜራ በየቤቱ ሲገባ ካሜራ የሚዋስ ሰው ቀነሰ ቢባል እውነት ነው። ሆኖም ማዕከሉ ከጎረቤቱ ይልቅ ለሙያው ማኅበረሰብ የቀረበ ሆኖ መቅረቱ መካድ የለበትም። በፒተርሊ የታየው ተቃራኒው ነው፤ በዚያ ነዋሪው በሙሉ ልብ ገባ፣ ወጣት ከያኒ ግን የሚማርበት መሣሪያ አልቀረለትም። ሁለቱን በአንድ ጣራ ሥር ያዋለ ቤት በዚህ ታሪክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

የእንግዳ ከያንያኑ መርሐ ግብር በ2011 ተዘጋ። መሥራቾቹ አርጅተው ነበር፤ በአንድ ወቅት በዚያ ፎቅ ብቻ ይገኝ የነበረው ሥራ አብዛኛው በአንድ የእጅ ሻንጣ በሚያዝ ኮምፒዩተር ሊሠራ ይችላል ተብሎም ይታመን ነበር። የአርባ ዓመቱ ቪዲዮና ሰነድ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዲስ ሚድያ ኪነ ጥበብ ቤተ መዛግብት ተዛወረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ሳስኳሃና ሞልቶ ኦዌጎን አጥለቀለቃት። ውሃው ከሸሸ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የማዕከሉ አስተባባሪ የነበሩት ሃንክ ሩዶልፍ ከሁለት ወጣት ከያንያን ጋር ሆነው በዚያችው ከተማ «ሲግናል ካልቸር» የተባለ አዲስ የእንግዳ ቤት አቋቋሙ። ገመዶቹ እንደገና ተዘረጉ፤ ከያኒው ብቻ ሳይሆን መሣሪያ የሚነድፈው መሐንዲስና ስለ ሙያው የሚጽፈው ተመራማሪም በእንግድነት እንዲመዘገብ ተፈቀደ።